መስከረም ላይ ማን መጣ? ማንስ ነበረ?

ነቀምቴ ላይ ብራ ሲሆን በየዓመቱ የምሰማው አንድ ነገር ያንገበግበኛል፦ «የመስቀል ወፍ ከባሕር ማዶ መጣች!» አልመጣችም። ክረምቱንም በጋውንም እዚሁ ናት። በዚህ ስም ከምንጠራቸው መካከል ሣሩ ላይ ጥቁርና ቢጫ፣ ጥቁርና ቀይ ሆነው የሚያንጸባርቁት ወንዶች ናቸው። የመራቢያ ወቅታቸው ሲያልፍ ላባቸውን ቀይረው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ፤ ያኔ ሰው ማሽላው ውስጥ እያያቸው «ሄዱ» ይላል።

አንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ከአውሮፓ በተሰመረ ቀስት ጫፍ ይህችው ወፍ ተስላ አየሁና መምህራኑን ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይዣቸው ወረድኩ። ኅዳር ነበር፤ ግማሽ ላባቸው ቡናማ፣ ግማሹ ገና ቀይ የሆነ ወንዶች አገኘን። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እስካሁን ያልነው፦ መስከረም ላይ አዲስ የታየ ሁሉ አዲስ የመጣ አይደለም። የመጣውን የሚፈልግ የግጦሽ መስክ ይሂድ። ከላሞቹ እግር ሥር ጅራቷን እያወዛወዘች፣ ኮቴ የሚያስነሣውን ነፍሳት የምትለቅም ሆደ ቢጫ ትንሽ ወፍ ከሰሜን የመጣች ናት። ጨረባን ለመለየት ደግሞ ጎጆዋን ይጠይቁ፤ ጭቃ ተሸክማ ከድልድይ ሥር የምትሠራው የአገር ቤቷ ናት፤ ጉሮሮዋ ቀይ የሆነችው የአውሮፓዋ ጨረባ እዚህ አትፈለፍልም።

ነቀምቴን እንደ መናኸሪያ ያስቧት። ከአውቶቡሱ እዚሁ የሚወርድ አለ፣ ወደ ጊምቢ የሚቀጥል አለ፣ ወደ በደሌ የሚታጠፍም አለ። ወፎቹም ከፊሎቹ እዚህ ይከርማሉ፤ ከፊሎቹ ፊንጫ ውኃ ላይ አርፈው ወደ ደቡብ ይቀጥላሉ። መሳፈሪያቸው ከቆዳቸው ሥር ያጠራቀሙት ስብ ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ መነሻው ይዘገያል።

አውሮፓውያንም ለዘመናት ጨረባ ክረምቱን ጭቃ ውስጥ ተኝታ ታሳልፋለች ይሉ ነበር። በ1822 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ አንገቷ ላይ የአፍሪካ ጦር እንደተሰካ የበረረች ሽመላ ተገደለች፤ ጦሩም ወፎች ክረምቱን አፍሪካ እንደሚያሳልፉ መሰከረ፤ ሽመላዋ ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ አለች።

መጋቢት ላይ ወደ መስኩ ይመለሱ። ሆደ ቢጫዎቹ ወንዶች ለመልስ ጉዞ ላባቸውን ያድሳሉ፤ ራሳቸው ታፔላቸው ነው። ጥቁር ራስ ያለው ወደ ቱርክና ባልካን፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ራስ ያለው ወደ ስካንዲኔቪያ ይሄዳል። ሁለቱም አንዲት ላም ሥር ሲለቅሙ ሊያገኟቸው ይችላሉ።