ኑር ዒናያት ኻን፦ የአደራ ልጅ

ሰላይ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ልበ ደንዳናና አንደበተ ጮሌ ሰው ነው። የዛሬዋ ባለታሪካችን ግን ለልጆች ተረት የምትጽፍ፣ ድምፀ ለስላሳና ዓይን አፋር ወጣት ነበረች።

ኑር ዒናያት ኻን እ.ኤ.አ. በ1914 በሞስኮ ተወለደች። አባቷ ህንዳዊው የሱፊ መምህርና ሙዚቀኛ ዒናያት ኻን ሲሆኑ፣ እናቷ አሜሪካዊት ነበሩ። በአባቷ በኩል የዘር ሐረጓ እንግሊዞችን ሲዋጋ በ1799 ከተሰዋው ከማይሶሩ ሡልጣን ቲፑ ይደርሳል። ቤተሰቡ በፓሪስ አጠገብ በሱረን ይኖር ነበር። አባቷ በ1927 ሲያርፉ እናቷ በሐዘን ስለተዋጡ፣ የ13 ዓመቷ ኑር የሦስት ታናናሾቿን ኃላፊነት ተሸከመች።

በ1940 ናዚ ጀርመን ፈረንሳይን ሲይዝ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። ኑር ግን አደጋውን ከሩቅ ማየት አላስቻላትም። በአየር ኃይል ውስጥ የሬድዮ ሥራ ተማረች። ከዚያም በጠላት ይዞታ ውስጥ በምስጢር የሚሠራ የእንግሊዝ ድርጅት መለመላት። ከአሠልጣኞቿ መካከል ለዚህ ሥራ አትሆንም ብለው የጻፉ ነበሩ።

በጁን 1943 «ማድለን» በሚል የምስጢር ስም ፈረንሳይ ገባች፤ ወደዚያ ከተላኩት ሴት የሬድዮ ሠራተኞች የመጀመሪያዋ ናት። በቀናት ውስጥ የምትሠራበት ቡድን ተበተነ፤ ባልደረቦቿም ታሰሩ። ተመለሺ ብትባልም መልእክት የሚያስተላልፍ ሌላ ሰው በፓሪስ አልቀረምና እምቢ አለች። የጀርመን ጠላፊ መኪኖች እንዳይደርሱባት ሬድዮዋን ተሸክማ ከቤት ቤት እየተዘዋወረች ለወራት ሠራች።

በኦክቶበር 1943 በጥቆማ ተያዘች። የላከቻቸውን መልእክቶች የመዘገበችበት ደብተርም አብሮ ተገኘ። ጠላት በዚሁ ተጠቅሞ ለንደንን አታለለ፤ ሌሎች ሰላዮችም እንደ ወረዱ ተያዙ። ጀግንነት ያለ ጥንቃቄ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ እንማራለን።

በምርመራ ግን ምስጢር አላወጣችም። ሁለት ጊዜ ልታመልጥ ሞከረች። «ሁለተኛ አላመልጥም ብለሽ ፈርሚ» ስትባልም አሻፈረኝ አለች። ፈርሞ ቃልን ማፍረስ ቀላል በሆነ ነበር፤ እርሷ ግን የማትጠብቀውን ቃል ለጠላት እንኳ አልሰጠችም። በዚህም ምክንያት ጀርመን አገር በፎርስሃይም እስር ቤት እጅና እግሯ በሰንሰለት ታስሮ አሥር ወር ያህል ቆየች። በሴፕቴምበር 13 ቀን 1944 በዳኻው ከሦስት ሴት ጓዶቿ ጋር ተገደለች። ዕድሜዋ 30 ነበር።

እንግሊዝ በ1949 ከከፍተኛዎቹ የጀግንነት ሜዳልያዎች አንዱ የሆነውን የጆርጅ መስቀልን ሰጠቻት። በ2012 ደግሞ በለንደን ሐውልት ቆመላት።

ወላጆች ሆይ! ዝምተኛ ልጃችሁን ደካማ ነው አትበሉ። እናንተም ወጣቶች፣ አደራ የሚፈተነው ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻችሁን ስትቀሩ መሆኑን አስተውሉ። አላህ አደራ ጠባቂዎች ያድርገን።