ከውጭ የመጣች እጩ መምህር ቤታችሁ ስታርፍ

እጩ መምህር ማለት ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበ፣ ነገር ግን ክፍል ገብቶ ሳያስተምር ዲግሪውን የማይቀበል ተማሪ ነው። እኛ አገር ይህን የማስተማር ልምምድ ብዙዎች «ፕራክቲከም» ይሉታል። የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአንድ ትምህርት ቤት ይመደባል፣ ሌሰን ፕላን አውጥቶ ጠመኔ ይይዛል፣ ነባር መምህር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይከታተለዋል፤ ማታ ወደ ማደሪያው ይመለሳል። አንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ከልምምዱ ከፊሉን ባሕር ማዶ ያደርጉታል። የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እጩ መምህራኑን ወደ ሌሎች አገሮች ሲልክ ቆይቷል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ በአገራቸው ያስተምራሉ፤ ከዚያ በተመደቡበት አገር ለተወሰኑ ሳምንታት ያስተምራሉ፤ የሚያድሩትም ሆቴል ሳይሆን በአንድ ቤተሰብ ቤት ነው።

እንዲህ ያለች እንግዳ አራዳ ውስጥ፣ ፒያሳ አካባቢ ቤት ብታርፍስ? ነገሩ እንዴት ይሠራል፣ ለማን ምን ይጠቅማል፣ የሚበላሸውስ የቱ ጋ ነው?

ከውጭ የመጣ መምህር ለዚህ ሰፈር ብርቅ ሆኖ አያውቅም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለካናዳ ኢየሱሳውያን ተሰጠ፤ ከእነሱ አንዱ ሉሲየን ማት ቆይተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው ሊሴ ገብረ ማርያም ደግሞ ፈረንሳውያንን አመጣ። እነዚህን መምህራን ተማሪው የሚያውቃቸው በክፍል ውስጥ ነው። ኢየሱሳውያኑ ለምሳሌ የሚኖሩት በማኅበር ነበር፤ ተማሪ ቤታቸው ገብቶ ቡና አይጠጣም፣ እነሱም የተማሪ ቤት ገብተው አያድሩም።

በውጭ መምህርና በተማሪ መካከል የነበረው ይህ አጥር ላላ ያለው በ1955 ዓ.ም. መባቻ ላይ ነው። ያኔ ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች አዲስ አበባ ገቡ። አብዛኞቹ ኮሌጅ ከጨረሱ ብዙም ያልቆዩ ወጣቶች ነበሩ፤ ክረምቱን ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛና የማስተማር ዘዴ ሲማሩ ከርመው በቀጥታ ወደ ክፍል ገቡ። ለዲግሪ ብለው አልተመደቡም እንጂ በልምዳቸው ከእጩ መምህር ብዙም አይለዩም። ከፊሉ አዲስ አበባ ቀረ፣ ብዙው ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሄደ። የሚኖሩትም በአብዛኛው ሁለት ሦስት ሆነው ቤት ተከራይተው፣ ሠራተኛ ቀጥረው ነበር። ወሊሶ የተመደበው ፖል ሶንጋስ፣ ኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነው፣ ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ቤት መኖርን መረጠ። እንዲህ ያደረጉት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

በሁለት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ኪሎ ላይ የራሳችን ሙከራ ተጀመረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት አገልግሎት እንዲሰጥ ደነገገ፤ ተማሪዎች «ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ» ይሉት የነበረው ይኸው ነው። አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ መምህር ሆኑ። ፓስፖርት አልጠየቃቸውም፤ ነገር ግን በፒያሳ ኬክና በሲኒማ ኢትዮጵያ ለለመደ የአዲስ አበባ ልጅ የማያውቀው ቋንቋ የሚነገርበት ከተማ ገብቶ ከሰው ግቢ ክፍል መከራየት ከባሕር ማዶ ጉዞ አይተናነስም። አገሩን ያወቁት ያኔ ነው። የየካቲት 1966ቱን አብዮት የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ዓመት ደጋግመው የሚያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የከተማው ተማሪ የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ ያየበት፣ የክፍለ ሀገሩም ተማሪ የስድስት ኪሎን ክርክር የሰማበት ዓመት ነው።

ከቤተሰብ ጋር ማደር እንደ ሥልጠና መንገድ የተጀመረው ግን ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ዶናልድ ዋት የተባለ አሜሪካዊ ወጣቶችን ወደ አውሮፓ ወስዶ ከቤተሰቦች ጋር የሚያኖር ድርጅት መሠረተ። የሰላም ጓድ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሳርጀንት ሽራይቨር ራሱ በወጣትነቱ በዚያ ፕሮግራም ያለፈ ሰው ነበር። እንዲያም ሆኖ ወደ እኛ የመጡት የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች ቤት ተከራይተው ኖሩ። የሰላም ጓድ በ1969 ዓ.ም. ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለጥቂት ዓመታት ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እንደገና ሲመጣ ግን አዲስ ገቢዎቹ ከምድባቸው በፊት በሥልጠናው ወራት ከቤተሰብ ጋር እንዲኖሩ ተደረገ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ግቢ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቤተሰብ በላይ ይይዛል። ቧንቧው የጋራ ነው፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የጋራ ነው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ በርሜልና ጀሪካን ይሞላል። እንግዳዋ በመጀመሪያው ሳምንት የምትማረው ይህንን ነው፤ ጠዋት ፊቷን በአንድ ጆግ ውኃ መታጠብ፣ ከጎረቤት ሁሉ ጋር «እንዴት አደራችሁ» መባባል፣ ሃይላንድ ገዝታ መጠጣት ወይም ውኃ አፍልታ ማቀዝቀዝ። ሰዓቱም ግራ ያጋባታል። «ነገ 2 ሰዓት ተኩል ሰልፍ አለ» ያላት ርዕሰ መምህር ጠዋት ማለቱ ነው፤ በእሷ ሰዓት ግን 2፡30 ማለት ከቀኑ 8፡30 ነው። ይህን የመጀመሪያውን ቀን ማታ፣ ሰዓቷን አስወልቃችሁ እያሳያችሁ ብትነግሯት ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የእኛ ቤት እናቶች እንግዳ ሳያበሉ አያሳድሩም። የሚያስቸግረው ተቃራኒው ነው። «ብይ፣ ጨምሪ፣ በሞቴ» የሚለው ልመና ለእኛ ፍቅር ነው፤ ለእሷ ግን እምቢ ማለት የማይቻልበት ፈተና ሊሆን ይችላል። ረቡዕና ዓርብ፣ ከሁሉም በላይ በዐቢይ ጾም፣ ለእሷ ለብቻ ሥጋ መሥራት ደግሞ ለቤቱ ተጨማሪ ድካም ነው። በእኔ ግምት ትክክለኛው ቤት የሚበላውን የሚያቀርብ ነው፤ ሽሮ ከሆነ ሽሮ። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ በመጨረሻ ብረት ይሆናል ይባላል። ለስምንት ሳምንት የምትቆይን ሰው በወርቅ ደረጃ ልያዝ ያለ ቤተሰብ በሦስተኛው ሳምንት ይደክመዋል፣ በአምስተኛው ይማረራል። ገና በሁለተኛው ሳምንት ሽንኩርት እንድትከትፍ፣ የቡና ስኒ እንድታጥብ መፍቀድ ይበጃል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከማስተማር ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ከ10 ሰዓት በኋላ ባለው የተማሪ ኑሮ ውስጥ ነው። ክፍል ውስጥ 50ና ከዚያ በላይ ተማሪ ሊኖር ይችላል፤ የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ለመምህር ሰነፍ ይመስላል። ያረፈችበት ቤት ውስጥ ግን የስድስተኛ ክፍሏ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ውኃ ስትቀዳ፣ ቀጥሎ ወደ ሱቅ ስትላክ፣ ታናሿን ስታጫውት፣ ደብተሯን የምትከፍተው ሁሉም ከበላ በኋላ፣ ቴሌቪዥን በሚጮኽበት ሳሎን፣ በጉልበቷ ላይ መሆኑን ታያለች። ልክ ያኔ መብራት ይጠፋል፤ ወይም ካርድ አልቆ ይሆናል። ይህን ያየች መምህር በማግስቱ የምትሰጠውን የቤት ሥራ ታሳጥራለች፣ ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ታበዛለች። የትኛውም የሥነ ትምህርት ኮርስ ይህን እንዲህ አድርጎ አያሳያትም።

ሌላም አለ። የካቲት 23 ማለዳ ቤተሰቡ ተነሥቶ ወደ ጊዮርጊስ፣ ምኒልክ አደባባይ ሲወርድ አብራ የወረደች መምህር ስለ ዓድዋ ከመጽሐፍ ካነበበችው የተለየ ነገር ይዛ ክፍል ትገባለች። ልጆቹም «ቲቸርን አየናት» ብለው ይጀምሯታል፤ በእንግሊዝኛ ለማውራት የሚያፍረው ተማሪ እንኳ ያየውን ለመንገር አፉን ይከፍታል።

እዚህ ላይ ትምህርት ቤቱ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የአዲስ አበባ አንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚማረው በአማርኛ ነው፣ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች በአፋን ኦሮሞም። ስለዚህ እንግዳዋ በደንብ ልትረዳ የምትችለው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሒሳብ ወይም አካባቢ ሳይንስ ላይ መድቧት ልጆቹን ማደናገር ለማንም አይጠቅም። በተጨማሪም ተማሪ ናት። ነባሩ መምህር ክፍሉን ለእሷ ትቶ ወደ መምህራን ክፍል ቢሄድ ልምምዱ ቀረ፤ የሚያርማትና ውጤት የሚሞላላት እሱ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ ሰው ያፍራል። «ልጃችን ናት፣ እንዴት እናስከፍላለን» የሚል ቤተሰብ አለ። ደግ ሐሳብ ነው፣ ግን አይሠራም። እንግዳዋ ወይም ዩኒቨርሲቲዋ ለመኝታና ለምግብ እንዲከፍሉ መጠየቅ በዚህ ዓይነት ፕሮግራም የተለመደ ነገር ነው። የምግብ ዋጋ ከወር ወር በሚጨምርበት ጊዜ በነጻ የተቀበለ ቤት ወይ ይጎዳል ወይ በስጦታ ተስፋ ይቆያል። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ያልተነገረ ዕዳ ነውና። ክፍያው ይታወቅ፣ በየሳምንቱ ይሁን በየወሩ ይወሰን፣ ለማን እንደሚሰጥ ይጻፍ፤ ለእናት ከሆነ ለእናት። ሌላው ብር፣ ማለትም የልጅ ዩኒፎርም፣ የመድኃኒት፣ የውጭ ጉዞ ጉዳይ፣ ከእንግዳዋ ጋር አይነሣ።

ሕጉም አይዘንጋ። በቱሪስት ቪዛ የገባ ሰው ማስተማር አይችልም፤ ልምምድም ቢሆን ትምህርት ቤቱና ላኪው ዩኒቨርሲቲ ትክክለኛውን ቪዛና ፈቃድ ቀድመው ማስጨረስ አለባቸው። ቤተሰቡ የፓስፖርቷንና የቪዛዋን ቅጂ ይያዝ፣ ለወረዳው ያሳውቅ። የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ወረዳውን ይጠይቅ፤ የቀበሌ ቤትን ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ክልክል ስለሆነ፣ ክፍያ ያለበት እንግዳ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል።

ፒያሳም ተለውጣለች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ነባር መንደሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹ ወደ ተለያዩ የከተማው ዳርቻዎች፣ ብዙዎቹም ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል። የግቢው ኑሮ ከላይ እንደገለጽኩት ሆኖ የሚገኝባቸው ቤቶች እየቀነሱ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንግዳዋ የራሷ ክፍልና ሽንት ቤት ታገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ከቤተሰቡ በቀር ሰው አታውቅም፣ ትምህርት ቤት ለመድረስም በታክሲ ወረፋ ላይ ጠዋቷን ትጨርሳለች። ስለዚህ ቤተሰብ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የቤቱን ጥራት ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ መሆኑን፣ ቤቱም ውስጥ የሚማር ልጅ መኖሩን ነው።

እንግዳ መምህር ለመቀበል የምታስቡ ካላችሁ ሦስት ነገር ሳይጻፍ እሺ አትበሉ፦ የክፍያው መጠንና ቀን፣ የሚቆልፍ የራሷ ክፍል መኖሩ፣ ችግር ሲመጣ አዲስ አበባ ውስጥ የምትደውሉለት ሰው ስልክ። ሦስተኛው ከሌለ ላኪው ድርጅት አልተዘጋጀምና፣ የቱንም ያህል ቢከፍል ይቅርባችሁ።