የቮልሷ ክሮም ፓራውልት ለማን አተረፈ?

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ የአዲስ አበባ የመኪና ደላላ በስልክ የሰነዘራት ሐሳብ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላይ ሦስት የአንድ አባት ልጆችን ልታቀያይም ምንም አልቀራትም ነበር። «ቮልሷን እንዳለች አትሽጧት፤ የድሮውን ክሮም ፓራውልት ግጠሙላት። ያኔ ገዢዬ ዋጋ ይጨምራል» ነበር ያለው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል ቮልስዋገን ስትሆን፣ በመንዝና በደብረ ብርሃን መካከል በግና ሱፍ ሲነግዱ የኖሩት የዚህ ጸሐፊ አያት ያወረሷት ናት። ወራሾቹ አጎቴ፣ እናቴና አክስቴ ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊው በጉዳዩ ውስጥ ከነቤተሰቡ እንዳለበት አንባቢ ከወዲሁ ይወቅለት። ይሁን እንጂ ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። የጋራ ንብረትን አሳምሮ መሸጥ በታሰበ ቁጥር «ወጪው የማን፣ ትርፉስ የማን?» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ቮልስ ለምን ትፈለጋለች?

ቮልስ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው መኪና ነበር። ምርቷ በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1978፣ በሜክሲኮ ደግሞ በ2003 እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ራዲያተር የላትም፤ በመንዝ ውርጭ የሚረጋ፣ በጣርማ በር ዳገትም የሚፈላ ውሃ የለባትም።

ገበያውም ረድቷታል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ክፉኛ ወረደ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም በብር ሲሰላ ተወደደ። አገር ውስጥ ያለ ደህና አሮጌ መኪና ከዚያ ወዲህ በቀላሉ የሚጣል ዕቃ አይደለም።

የፓራውልቱ ነገር

እ.ኤ.አ. እስከ 1967 አጋማሽ የተሠሩት የአውሮፓ ቮልሶች ፓራውልታቸው ቀጠንና ጎበጥ ያለ ሲሆን፣ በግራና በቀኙ ቀንድ የመሰሉ ብረቶች ቆመውበታል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ግን ወፈር ያለ፣ ጎኑ ቀጥ ያለና ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ፓራውልት ተሰጣቸው። የዛሬ ገዢ የሚናፍቀው የመጀመሪያውን ነው። የእኛዋ የኋለኛው ዓይነት ነበራት፤ እሱም ክሮሙ ረግፎ በብርማ ቀለም ተለቅልቋል።

ይህ ናፍቆት የእኛ ብቻ አይደለም። ኤም ጂ ቢ የተባለችው የእንግሊዞች የስፖርት መኪና የአሜሪካን የግጭት ደንብ ለማሟላት ስትል እ.ኤ.አ. በ1974 ክሮሟን ጥላ ጥቁር፣ ጎማ መሰል ፓራውልት ለበሰች፤ ቁመቷም ከፍ አለ። ዛሬ ባለቤቶቿ በየቤታቸው ወደ ክሮሙ ይመልሷታል። ነገር ግን ሥራው ቡሎን ፈትቶ ቡሎን ማሰር አይደለም። የፊት አካሏን በከፊል በብየዳ መለወጥ፣ ሞላዋንም ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል። ወጪው ያለው ከሚያብለጨልጨው ብረት ኋላ ነው ማለት ነው።

ከሶማሌ ተራ እስከ መሐል ሜዳ

አጎቴ ከመንዝ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሲደርስ ይህ ጸሐፊ አብሮት ነበር። ሻጩ «ኦርጅናል የጀርመን ነው ጋሼ፣ ዐይንዎን ጨፍነው ይውሰዱት» ቢለውም አጎቴ ዐይኑን አልጨፈነም። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የብር ወረቀቱን አውጥቶ በውሃ አረጠበና የዛገውን ቦታ ማሸት ጀመረ። ላይ ላዩን የያዘ ዝገት በዚህ ይለቃል። ክሮም በጣም ስስ ቅብ ሲሆን ከሥሩ ኒኬል አለ፤ ዝገቱ ኒኬሉን አልፎ ብረቱን ከበላው ግን እንደገና ካልተነከረ በቀር ማሸቱ ዋጋ የለውም። ከቀረቡለት አራት ፓራውልቶች ሁለቱን መረጠ።

ሥራው የተሠራው በአያቴ ግቢ ነው። ባትሪው ተነቀለ። የቮልስ ባትሪ የሚገኘው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ከፓራፋንጎዎቹ ሥር ያሉት ቡሎኖች ናፍጣ ጠጥተው አደሩ፤ በማግሥቱ ሁለቱ አሻፈረኝ ብለው ተቆረጡ። ዋናው ችግር ቁመቱ ነበር። የድሮው ፓራውልት ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ሲሆን የእኛዋ ፓራፋንጎ ቀዳዳ ግን ለአዲሱ የተበጀ ነው። የከተማው በያጅ ፓራፋንጎውን ልብሳው ሲል አጎቴ «የአባቴን መኪና አታቆስልብኝ» ብሎ ከለከለው። በመጨረሻም በነባሩ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ታች የሚወርድ ተሸካሚ ብረት አሠራ።

ያልታሰበው የመጣው በግራ በኩል ነው። የቆየ ጭቃ እርጥበት አቁሮ የተሸካሚውን መቀመጫ ላሜራ እንደ ወንፊት በስቶታል። አሮጌው ፓራውልት ባይፈታ ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተውና «ይሄንን ሸፍነን ክሮም ብናስርበት ገዢውን መስረቅ ነው» አለ። ላሜራው ተቆርጦ በአዲስ ተተካ፤ ፀረ ዝገት ቀለምም ተቀባ።

ሒሳቡ

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በመቶኛ ማየት ይሻላል። ገዢው ለክሮሙ ሲል እጨምራለሁ ያለው ገንዘብ 100 ብር ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ 38ቱ ለፓራውልቶቹ፣ 14ቱ ለተሸካሚ ብረትና ለቡሎን፣ 27ቱ ለላሜራውና ለቀለሙ፣ 9ኙ ለጉዞና ለጭነት ወጥቷል። ድምሩ 88 ብር ነው፤ የቀረው 12 ብር። የአጎቴ የሁለት ሳምንት ጉልበት አልተቆጠረም።

እንግዲህ ጠቡ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ አምራ ስትቆም አጎቴ ልቡ ተመለሰና «አልሸጣትም፤ ድርሻችሁን እኔው እከፍላለሁ» አለ። አክስቴ ወዲያው «በስንት ሒሳብ? ገዢው እስከነክሮሟ በጠራው ነዋ!» ስትል መለሰች። እናቴም ከእኅቷ ጎን ቆመች። ይህ ከሆነ አጎቴ 88ቱን ብር ከኪሱ ካወጣ በኋላ የ100ውን ሁለት ሦስተኛ ደግሞ ለእኅቶቹ ይከፍላል ማለት ነው። ራሱ ባሳመራት መኪና ራሱን አስወደደባት።

ርስት ለሚያውቅ መንዜ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ባልተከፈለ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ የተከለ ወንድም ሁሉ የገጠመው ሙግት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የጋራ ንብረትን ለመሸጥ የሁሉም ባለድርሻዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ሆኖም ቤተሰቡ ፍርድ ቤት አልሄደም፤ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ አንድ ቀን ሙሉ ካከራከሩ በኋላ «መጀመሪያ የወጣው ወጪ ለአውጪው ይመለስ፤ የተረፈው ለሦስት ይከፈል» ብለው ፈረዱ። ከክሮሙ ለእያንዳንዱ የደረሰው 4 ብር ብቻ ሆነ። ጸሐፊው በዩኒቨርሲቲ የተማረው የተጣራ ትርፍ ስሌት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ለገዢም ለሻጭም

ከዚህ ታሪክ ገበያተኛው የሚወስደው ቁም ነገር አለ። አንደኛ፣ የጋራ ንብረት ከመታደሱ በፊት ወጪው ማን እንደሚሸፍንና እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር። ሁለተኛ፣ ገዢ የሆነ ሰው በክሮም አይታለል። ከፓራፋንጎው ሥር ጎንበስ ይበል፤ ከኋላ መቀመጫ ሥር የባትሪውን ወለል ይመልከት። እግረ መንገዱንም እዚያው አካባቢ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክር። ከ1967 ወዲህ የተሠሩት ኮፈናቸው አጠር ያለ ስለሆነ የድሮ ፓራውልት ቢታሰርባቸውም ዐዋቂ ይለያቸዋል። «የድሮ ሞዴል ናት» ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ መጥራት አያስኬድም። ሦስተኛ፣ የተፈታው ዕቃ ለቆራሌው አይሰጥ፤ ነገ እንደ ፋብሪካዋ የሚፈልጋት ገዢ ሊመጣ ይችላል።

ደላላው ኮሚሽኑ ቀርቶበት አኩርፏል። አጎቴ አሮጌዎቹን ፓራውልቶች በጆንያ ጠቅልሎ ጎተራው ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ባለፈው በዓል ሦስቱም በዚያችው ቮልስ አብረው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ አክስቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። «ክሮሙስ አምሮባታል» አለች፤ አጎቴም «አራት ብርሽን ተቀብለሻል እኮ!» ሲል መለሰላት።