ከአንድ ቦይ አራት ድምፅ፦ የኳድራፎኒክ ሸክላ ፊዚክስ

በሸክላ ላይ የተቀረጸው ቦይ ሁለት ግድግዳዎች አሉት። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ባመለከተው የፈጠራ ባለቤትነት ሰነድ እንዳሳየው፣ ግድግዳዎቹ እርስ በርሳቸው የ90 ዲግሪ ማዕዘን ከሠሩ አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ድምፅ ሳይቀላቀሉ ሊሸከሙ ይችላሉ። የስቴሪዮ ሸክላ መሠረቱ ይኸው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን የጃፓንና የአሜሪካ ኩባንያዎች አድማጩን ከፊትም ከኋላም በድምፅ ለመክበብ ተነሡ። ኳድራፎኒክ የተባለው ይህ ዘዴ አራት ድምፆችን ይጠይቃል። ለመሆኑ ሁለት ግድግዳዎች ብቻ ካሉት ቦይ አራት ድምፅ እንዴት ይወጣል?

የአልጀብራ ተማሪ ችግሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ በሁለት ቀመሮች አራት ያልታወቁ ቁጥሮችን ማግኘት አይቻልም። ኩባንያዎቹ ለዚህ ችግር የሰጡት ምላሽ በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ማጣመር ነው። የሲቢኤስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበው ኤስኪው የተባለው ሥርዓት የፊቶቹን ድምፆች በየግድግዳቸው እንዳሉ ይተዋቸዋል። እያንዳንዱን የኋላ ድምፅ ግን በሁለቱም ግድግዳዎች ላይ፣ አንዱን ከሌላው በሩብ ዑደት አዛንፎ ይቀርጸዋል። ፈቺው መሣሪያ ይህን መዛነፍ ተከትሎ ድምፆቹን ይለያል። መለየቱ ግን ምሉዕ አይደለም፤ የግራ ፊት ድምፅ በ3 ዴሲቤል ብቻ ቀንሶ፣ ማለትም ግማሽ ኃይሉን ይዞ፣ በኋላዎቹም ይሰማል። በኋላ የመጡ ፈቺዎች ጎልቶ የሚሰማውን አቅጣጫ እየለዩ ሌሎቹን ያዳክሙ ነበር፤ ይህም ብልህ ግምት እንጂ የቀመሩ መፍትሔ አይደለም።

ሁለተኛው ምላሽ ተጨማሪ ቦታ መፈለግ ነው። የጃፓኑ ጄቪሲ በሠራው ሲዲ-4 በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ የፊትና የኋላ ድምፆች ድምር እስከ 15 ኪሎሄርዝ ባለው ክልል ይቀረጻል። የሁለቱ ልዩነት ደግሞ የሰው ጆሮ በማይሰማው የ30 ኪሎሄርዝ ተሸካሚ ሞገድ ላይ ይጫናል። ድምሩና ልዩነቱ ሲደመሩ የፊቱ፣ ሲቀናነሱ የኋላው ድምፅ ይገኛል። አሁን አራት ቀመሮች አሉን። የኤፍኤም ሬዲዮ ስቴሪዮ ሥርጭትም የግራና የቀኝን ልዩነት በ38 ኪሎሄርዝ ንዑስ ተሸካሚ ላይ በመጫን በተመሳሳይ ሐሳብ ይሠራል።

ይሁንና ቦታው በነፃ አልተገኘም። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ሸክላ ከመሐሉ 6 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ በሴኮንድ 21 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ በ30,000 ሲካፈል የተሸካሚው ሞገድ ርዝመት 7 ማይክሮሜትር ብቻ ይሆናል። 18 ማይክሮሜትር ራዲየስ ያለው የተለመደ ክብ የመርፌ ጫፍ እንዲህ ያለውን ረቂቅ ቅርጽ በትክክል ሊከተል አይችልም። የጄቪሲው ኖሪዮ ሺባታ የነደፈው መርፌ ጎኑ ቀጭን ሲሆን፣ ግድግዳውን በቁመቱ ረዘም አድርጎ ስለሚነካ ግፊቱን ያከፋፍላል። ሸክላው ተስማሚ ባልሆነ መርፌ ደጋግሞ ከተጫወተ ተሸካሚው ሞገድ ይፋቃል፤ የተፋቀውን መልሶ የሚያመጣ መሣሪያ የለም። አሮጌ ሲዲ-4 ሸክላ ያገኘ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መርፌውን መመርመር ያለበት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሽቦው ነው። የካርትሪጁ ጥቅል 100 ሚሊሄንሪ ኢንደክታንስ አለው እንበል። የሽቦውና የመሣሪያው ካፓሲታንስ በድምሩ 100 ፒኮፋራድ ቢሆን የሬዞናንሱ ድግግሞሽ 50 ኪሎሄርዝ ያህል ነው፤ ተሸካሚው በሰላም ያልፋል። ካፓሲታንሱ 400 ፒኮፋራድ ቢሆን ግን ወደ 25 ኪሎሄርዝ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ያለው ምልክት እየተዳከመ ስለሚሄድ የኋላዎቹ ድምፆች ይሻክራሉ ወይም ይጠፋሉ። ስለዚህ ሽቦው አጭርና ዝቅተኛ ካፓሲታንስ ያለው መሆን ይገባዋል።

ከዚያ የፈቺው ማስተካከያ ይከተላል። በግራ ፊት ብቻ ድምፅ ያለበትን የማስተካከያ ሸክላ እያጫወቱ፣ ከግራ ኋላ የሚሰማው እስኪያንስ ድረስ የመለያ ቁልፉን ማዞር ነው፤ ለቀኙም እንዲሁ። የኤስኪው ፈቺ ሲዲ-4ን፣ የሲዲ-4 ፈቺም ኤስኪውን እንደማይፈታ ስለሚታወቅ አስቀድሞ የሸክላውን ሽፋን ማንበብ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም አራቱ ድምፅ ማጉያዎች በክፍሉ ማዕዘኖች፣ ከአድማጩ እኩል ርቀት ላይ ይቀመጣሉ። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የአንድ ሜትር ልዩነት 3 ሚሊሴኮንድ ያህል መዘግየት ያስከትላል። የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሽቦ ከተገለበጠም ወፍራሞቹ ድምፆች እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ።

ለአንባቢ አንድ ጥያቄ እንተው። የሸክላው የመጀመሪያ ቦይ ከመሐሉ 14.6 ሳንቲሜትር ያህል ይርቃል። በዚያ ቦታ የተሸካሚው ሞገድ ርዝመት ስንት ነው? ከ7 ማይክሮሜትሩ ጋር ሲነጻጸርስ፣ የሲዲ-4 ሸክላ ችግር ከየትኛው ዘፈን ላይ የሚጀምር ይመስላችኋል፤ ከመጀመሪያው ወይስ ከመጨረሻው?