የኩዊንሱ ግድግዳና የሠዓልያኑ ክብር

የከተማ ግድግዳ ሠዓሊውን የሚያጓጓ፣ የሕንፃውን ባለቤት የሚያሳስብ፣ ለመንገደኛው ደግሞ ያለ መግቢያ ዋጋና ያለ ደጅ ጥናት የሚገለጥ ሰሌዳ ነው። ይህ ግድግዳ የማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ኒው ዮርክን ያህል ረጅም ሙግት ያስተናገደ ከተማ ጥቂት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሐምሌ 1971 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ፣ በየባቡሩና በየግንቡ ላይ «ታኪ 183» እያለ ስለሚፈርም አንድ ወጣት ጻፈ። ታኪ የቍልምጫ ስሙ፣ 183 የሚኖርበት መንገድ ቍጥር ነበር፤ ሥራውም መልእክት ማድረስ ስለ ነበረ በረገጠው ሰፈር ሁሉ ስሙን እየተወ ያልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ስማቸውን የሚጽፉ ልጆች እንደ አሸን ፈሉ፤ ከማርከር ወደሚረጨው ቀለም ተሻግረው፣ ፊደሉን እያወፈሩ፣ ጥላና ጠርዝ እያበጁለት፣ በመጨረሻ አንዱን የባቡር ፉርጎ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ስም እስከ መሸፈን ደረሱ።

በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ግርጌ ብዙ ጊዜ የሚታየው፣ ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ወድቆ ሲማጸን ነው፤ የሠዓሊው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ተሰውሮ ይቀራል። በኒው ዮርክ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አሠሪም ተማጻኝም ሳይኖር የሠዓሊው ስም ራሱ ሥዕል ሆነ። የዚህ ጥበብ ማራኪነት ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ ከከተማው ሀብት ድርሻ ያልነበረው የድኻ ልጅ፣ በከተማው ፊት መኖሩን በገዛ እጁ አስመሰከረ፤ ይህንንም ያደረገው ማንንም ሳያስፈቅድ ነበር።

ሳያስፈቅድ ማድረጉም ጥፋት ነበረበት፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። መስኮቱ በቀለም ተደፍኖበት የትኛው ጣቢያ እንደ ደረሰ ማየት ያቃተው ተሳፋሪ ቢቈጣ ፍትሕ ከእርሱ ጋር ነበረች። ከተማው ባቡሮቹ በሚያድሩበት ስፍራ አጥር አጠረ፣ ውሻ አሰማራ፤ በግንቦት 1989ም የምድር ባቡሩ ከጽሕፈት ሁሉ መንጻቱ ታወጀ።

ከባቡሩ የተባረረው ጥበብ መጠጊያ ካገኘባቸው ስፍራዎች ዋነኛው፣ በኩዊንስ፣ ሎንግ አይላንድ ሲቲ በተባለው ሰፈር የሚገኝ አሮጌ የውኃ ቈጣሪ ፋብሪካ ነበር። የሕንፃው ጌታ ጄሪ ዎልኮፍ ሠዓልያን ግድግዳውን እንዲቀቡ ፈቀደ፤ ከ2002 ጀምሮም «ሚርስ ዋን» በሚል ስም የሚታወቀው ሠዓሊ ጆናታን ኮኸን፣ ያለ ደመወዝ የስፍራው ጠባቂና መራጭ ሆነ። አምስቱ የኒው ዮርክ ክፍላተ ከተማ የሚገናኙበት ማለት ስለ ሆነም «ፋይቭ ፖይንትዝ» ተባለ። ከልዩ ልዩ አህጉር የመጡ ሠዓልያን ሥራቸው እየታየ ቦታ ይሰጣቸው ነበር፤ አንዳንዱ ግድግዳ በየጊዜው ለአዲስ ሥዕል ይለቀቃል፣ የተመረጠው ግን ለብዙ ዓመት ሳይነካ ይቈያል። ሠዓሊው የሚረጨውን ቀለም ጣሳ ወደ ግድግዳው ሲያስጠጋው መስመሩ ይቀጥናል፣ ይጠራል፤ ሲያርቀው ቀለሙ ይበተናል፣ ይለሰልሳል፤ በዚህ በእጅ ርቀት ብቻ በሚገዛ ልክ፣ ብሩሽ ሳይነካው፣ ከፎቅ የሚተልቅ የሰው ፊት ከነዓይኑ ብርሃን ይወጣል። በሰባት ቍጥር ባቡር ወደ ሥራ የሚሄደው ሕዝብ ሁሉ ያን ፊት በየማለዳው በመስኮት ይመለከት ነበር፤ በዓይነ ሥጋ የሚያየው ተመልካች በዚህ ብዛት የሚመላለስለት ሙዚየም በዓለም ላይ ስንት ይሆን?

በ2013 የሕንፃው ጌታ በስፍራው የመኖሪያ ሕንፃ ሊሠራ ስላሰበ ሠዓልያኑ ፍርድ ቤት ገቡ። ዳኛው ፍሬድሪክ ብሎክ የእግድ ልመናቸውን በኅዳር 12 ሳይቀበሉ ቀሩ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ እንደሚያወጡ ግን አስታወቁ። ያ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት፣ የማፍረሻው ፈቃድም ሳይገኝ፣ በሌሊት ነጭ ቀለም ይዘው የመጡ ሠራተኞች ሥዕሎቹን ለቀለቋቸው። ለሠዓልያኑ ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም። ቀለሙ ርካሽና ስስ ስለ ነበረ ሥዕሎቹ ከሥሩ ይታዩ ነበር፤ ሕንፃው በሚቀጥለው ዓመት እስኪፈርስ ድረስም ሠዓልያኑም መንገደኛውም ያንን የተበላሸ መልክ ሲያዩ ከረሙ።

አሜሪካ በ1990 ያወጣችው የምስል ሠዓልያን መብት ሕግ፣ ታላቅነቱ የታወቀለትን ሥራ ከጥፋት ይጠብቃል። በየካቲት 2018 ያው ዳኛ በዚሁ ሕግ ላይ ቆመው፣ 45ቱ ሥዕሎች ያ ክብር የተገባቸው መሆናቸውን መስክረው፣ ለ21 ሠዓልያን 6.75 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ፤ ለያንዳንዱ ሥዕል 150,000 ዶላር መሆኑ ነው። ዳኛው ፍርዱን እንዲህ ያከበዱት ባለቤቱ ሕንፃውን ማፍረስ ስለማይችል አይደለም፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ጥቂት ወራት መታገሥ ሲችል ሆን ብሎ በመቸኰሉ ነው። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2020 ፍርዱን አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ጉዳዩን አልመለከትም አለ።

እኔ ይህን ፍርድ ትክክለኛ ፍርድ እለዋለሁ። የግድግዳው ጡብ የገዛው ሰው ነው፤ በፈቃዱ ከተሣለበትና ሕዝብ ዓመታት ሙሉ ከተመለከተው በኋላ ግን ገጹ የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የመንገድ ሥዕል ኃላፊ ጠፊ መሆኑን ሠዓልያኑ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፤ የጠየቁት ሥራቸው ለዘለዓለም እንዲኖር ሳይሆን በክብር እንዲሰናበት ነበር። ዛሬ በዚያ ስፍራ የመኖሪያ ፎቆች ቆመዋል። ሕንፃ ያላችሁና ግድግዳችሁን ለሠዓሊ የፈቀዳችሁ ሁሉ፣ የምታጠፉት ቀን ቢመጣ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሥራውን ማንሣት የሚቻል ሲሆን የአሜሪካው ሕግ ለሠዓሊው የሚሰጠው ጊዜ ማስታወቂያው ከደረሰው ጀምሮ 90 ቀን ነው።