«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት

ዋጫ ከተማ ውስጥ አንዲት እናት ዕድሜ ልካቸውን ያፈሉትን ቡና ሳይወቀጥ ጀበና ውስጥ ቢጨምሩት፣ ቤተሰቡ «ጃጅተዋል» ብሎ ያልፋል። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት የዕድሜ ነው፤ የለመዱት ሥራ ቅደም ተከተል ሲጠፋና ከገበያ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ሲምታታ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዲሜንሺያ የምልክቶቹ የጋራ ስም ሲሆን ዋነኛው መንስኤ አልዛይመር ነው።

ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ያልታከመ የመስማት ችግር አደጋውን ይጨምራሉ። እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ሳይመረመር የሚታለፈው የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው፤ ሁለቱም ያስረሳሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ። መቀባዠሩ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከመጣ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው።

ለምርመራ ወደ እኛ ወደ ጤና ባለሙያዎች ስትመጡ አብሯቸው የሚኖር ሰው አይቅር፤ እሳቸውማ «ደህና ነኝ» ነው የሚሉን።