ቁጥሩ ቢለያይም ርቀቱ ያው ነው፤ ከወሰን ድንጋይ እስከ አንስታይን

አዲስ አበባ፦ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው ጉለሌ ክፍለ ከተማ የአንድ ይዞታ ማዕዘን በሁለት ሰነዶች ላይ ሁለት ዓይነት የኮኦርዲኔት ቁጥር ይዞ ሊገኝ ይችላል። በሀገራችን ለረጅም ዓመታት ያገለገለው የቅየሳ መነሻ አዲንዳን ይባላል፤ ጂፒኤስ የሚጠቀመው መነሻ ግን ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል። ባለይዞታው «መሬቴ ተነካ» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ስለተለወጠ ድንጋዩ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ቀያሽ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን 30 ሜትር ወደ ሰሜን፣ 40 ሜትር ወደ ምሥራቅ ለካ እንበል። ሌላው መስመሩን በወሰኑ አቅጣጫ ቢዘረጋ 50 ሜትር ወደ ፊት፣ ዜሮ ወደ ጎን ያገኛል። እያንዳንዱ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ሲደመር በሁለቱም ዘንድ 2 ሺህ 500 ይመጣል፤ ርቀቱም 50 ሜትር ነው። ፊዚክስ እንዲህ ያለውን የማይለወጥ መጠን ይለዋል።

አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ በ1905 ጊዜም እንደ ሰሜንና ምሥራቁ ቁጥር እንደ ለኪው እንደሚለያይ አሳየ። መምህሩ የነበረው ኸርማን ሚንኮውስኪ በ1908 ጊዜንና ቦታን አንድ ላይ አድርጎ፣ በሁለት ክስተቶች መካከል የማይለወጠውን የኅዋ-ጊዜ ርቀት በግልጽ አስቀመጠ። ከመሬት ቅየሳ የሚለየው በመደመር ፋንታ መቀነሱ ነው።

ለምሳሌ በምድር ላይ ባለ ሰው ዘንድ በሁለት ክስተቶች መካከል 5 ሰከንድ አልፏል፤ ርቀታቸውም ብርሃን በ3 ሰከንድ የሚጓዘውን ያህል ነው። 25 ሲቀነስ 9፣ 16 ይሆናል። ፍጥነቱን ሳይቀይር ከአንዱ ክስተት ወደ ሌላው የተጓዘ ሰው ግን ሁለቱም እርሱ ባለበት ስለተፈጸሙ ርቀቱ ለእርሱ ዜሮ ነው፤ ሰዓቱም 4 ሰከንድ ብቻ ይቆጥራል። 16 ሲቀነስ ዜሮ፣ ያው 16 ነው።

ጉዳዩ ከመሬት ልኬት የራቀ አይደለም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። በፍጥነታቸው ምክንያት ሰዓታቸው በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ይዘገያል፤ የምድር ስበት በዚያ ከፍታ ስለሚላላ ደግሞ 45 ይቀድማል። ውጤቱ የ38 ማይክሮ ሰከንድ መቅደም ነው። ብርሃን በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ልዩነቱ ባይታረም ከሳተላይቱ ያለው ርቀት ስሌት በቀን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይዛባ ነበር።

ስለዚህ ባለይዞታዎች የኮኦርዲኔት ቁጥር ተለውጦ ሲያገኙ አስቀድመው የተለካበትን መነሻ ይጠይቁ፤ ቀጥሎም በወሰን ድንጋዮቹ መካከል ያለውን ርቀት ያስለኩ። መነሻው ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል፤ ርቀቱ ከተቀየረ ግን ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው።